እየተጠቀሙ መጠበቅ፤ ለሐዋሳ ነዋሪ ስለ አገር ዕፅዋትና እንስሳት የተጻፈ መመሪያ

በሐዋሳ ከተማ የሚኖር ሰው፣ ቤቱ በታቦር ተራራ ግርጌ ቢሆን ወይም በአላሙራ በኩል፣ ሰፊ ግቢ ቢኖረው ወይም በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢያድር፣ በዙሪያው ካለው ሥነ ፍጥረት ጋር ሳያስበው በየዕለቱ ይገናኛል፤ የሚበላው ቆሮሶ ከሐይቁ፣ ቆጮው ከሲዳማ ጓሮ፣ በቡናው ላይ የሚጣለው ጤና አዳም ከጎረቤት ደጅ፣ የሚቀመጥበት የዋንዛ ወንበር ደግሞ ከአንድ አርሶ አደር ማሳ የመጣ ነውና። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ግንኙነት በዕውቀትና በሥርዐት ሊያደርገው ለሚወድ ሰው ነው። ጽሑፉ የቆመበት እምነትም ይህ ነው፤ በአገራችን ያሉ አዝርዕትና አትክልት፣ ዕፅዋትና እንስሳት እስከ ዛሬ የቆዩልን አበው ጥቅማቸውን ዐውቀው፣ የአወሳሰዳቸውን መጠን ለክተው፣ ዕውቀቱንም ለልጅ ስላወረሱ ነው፤ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት ተክል፣ አጥር ቢታጠርለትና ዘበኛ ቢቆምለት እንኳ፣ ውሎ አድሮ ከጓሮ መጥፋቱ አይቀርም።

የሲዳማ ሕዝብ ይህን ከዚህ መመሪያ አስቀድሞ በበዓሉ ውስጥ አኑሮታል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ፊቼ ጨምበላላ የዘመን መለወጫ ሲከበር፣ የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን ተግታችሁ ሥሩ፣ ሽማግሌ አክብሩ፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት ራቁ ብለው በሚመክሩበት በዚያው ምክር አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ ብለው ያስጠነቅቃሉ። ዛፍ መቁረጥን በሐሰት ከመመስከር ጋር በአንድ ረድፍ ያቆመ ሥርዐት በሚገዛበት ምድር ላይ የተሠራች ከተማ ነዋሪ፣ የሚከተሉትን ምክሮች ለመፈጸም ከሩቅ አገር መምህር አያስፈልገውም።

አንደኛ፤ ጠይቆ መመዝገብ

ከአካፋ በፊት ደብተር ይግዙ። ገጹንም በዓምድ ከፍለው የተክሉን ስም በሲዳምኛና በአማርኛ፣ የሚገኝበትን ስፍራ፣ ለጥቅም የሚውለውን ክፍል፣ የሚሰበሰብበትን ወራት፣ አዘገጃጀቱንና ክልከላውን ይጻፉበት። ብዙ መዝጋቢ የሚዘለው ይህን የመጨረሻውን ዓምድ ነው፤ ዳሩ ግን የጥበቃው ምሥጢር የሚገኘው በእርሱ ነው። «ዘሩን ሳያራግፍ አይነቀልም»፣ «ሶንጎ (የሽማግሌዎች ሸንጎ) የሚቀመጥበት ዛፍ ነውና ቅርንጫፉ አይነካም» የሚሉት ዐይነት አነጋገሮች ለሰሚው ተራ ልማድ ቢመስሉም፣ በጊዜ ብዛት የተፈተኑ የአወሳሰድ ሕጎች ናቸው።

ለመጠየቅ ወደ ገበያ ሲሄዱ በቅድሚያ ከሻጯ እናት አንድ ነገር ይግዙ፤ ከዚያም «እማማ፣ ይህ ቅጠል በእናንተ ዘንድ ምን ይባላል? የሚለቀመውስ መቼ ነው?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ዋንዛ በሲዳምኛ ዋዲቾ፣ ብሳና ማሲንቾ፣ ዝግባ ዳጉቾ መባላቸውን ሲማሩ፣ ከስሙ ጋር የተያያዘው ሙያ አብሮ ይመጣል። ስለ መድኃኒት ለመጠየቅ ወደ ባህል ሐኪም የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ዕውቀቱ የቤተሰቡና የማኅበረሰቡ ንብረት መሆኑን አይርሱ፤ ሳያስፈቅዱ አይጻፉ፣ ከተከለከሉም አይከፉ።

ከተራ ሰው መጠየቅ ምን ያህል ፍሬ እንዳለው ለሚጠራጠር የእንዶድ ታሪክ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች ልብሳቸውን በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ፤ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በአገር ተክል ሊጠፉ እንደሚችሉ የተገነዘበው ከዚህ ነው። ሴቶቹ ለሳሙና የያዙት ዕውቀት ለአንድ ሊቅ የምርምር በር ሆነለት።

አንድ ስም ለብዙ ተክል፣ ብዙ ስም ለአንድ ተክል የሚሰጥበት ጊዜ ስላለ፣ በጻፉት ስም ላይ ብቻ አይደገፉ። ቅጠልና አበባ ያለበትን ትንሽ ዘለላ ቆርጠው በጋዜጣ ወረቀት መካከል አድርገው ከባድ መጽሐፍ ይጫኑበት፤ ወረቀቱን በየቀኑ እየለወጡ እስኪደርቅ ይቆዩ፤ ቀኑንና ስፍራውንም ከጎኑ ይጻፉ። ይህን የያዘ ሰው ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ወይም በወንዶ ገነት ወዳለው የደን ኮሌጅ ሄዶ ባለሙያ ቢጠይቅ መልስ ሊያገኝ ይችላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር የሚሠሩ ሊቃውንትም ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ስምንት ጥራዝ የሆነውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ፈጽመዋል፤ በውስጡ ስድስት ሺህ ያህል ዝርያ ተገልጿል፤ ከእነዚህም ከአሥር አንድ የሚሆነው በሌላ ዓለም አይገኝም።

ሁለተኛ፤ አገር በቀሉን ከመጤው መለየት

ዐይንን ደስ ያሰኘ ሁሉ የአገር ልጅ አይደለም። በየመንገዱ ዳር ሐምራዊ አበባውን የሚያነጥፈው ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ፣ የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው ባለ ቀይ አበባ ከማዳጋስካር፣ ግራቪሊያና ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ፣ የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው። እነዚህን መጥላት አይገባም፤ ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የአዲስ አበባን ሕዝብ ከማገዶ ችግር ያወጣ ዛፍ ነው። ነገር ግን አዲስ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ለአገር በቀሉ ቅድሚያ ቢሰጥ፣ ከዛፉ ጋር ለዘመናት የተላመዱት ንቦች፣ አዕዋፍና ነፍሳት አብረው ይጠቀማሉ። ለዚህ ሾላን መመልከት ይበቃል፤ ሾላ የሚዳቀለው ለእርሱ ብቻ በተሰጠች ደቃቅ ተርብ አማካይነት ነው፤ ተርቢቱም ያለ ሾላው ልትራባ አትችልም፤ ፍሬውን ወፍና ጦጣ ይበሉና ዘሩን በሩቅ ይበትናሉ። አንድ ሾላ ሲወድቅ እንግዲህ የሚወድቀው ብዙ ነው።

ከመጤዎቹ መካከል ግን በፍጹም ሊተከሉ የማይገባቸው አሉ። የወፍ ቆሎ ለአጥር ያማረ ቢመስልም ከአጥር ወጥቶ ግጦሽን የሚወርር ነው፤ ቅንጨ አረምን ደግሞ አበባ ሳያወጣ፣ እጅን በጓንት ሸፍኖ፣ ከነሥሩ መንቀል ይገባል። አጥር የሚፈልግ ሰው ሰንሰል ወይም ቅትቅታ ይትከል፤ ሁለቱም የአገር ናቸው፣ መከርከምም ይችላሉ። ኮርችን በወፍራም ቅርንጫፉ ቆርጦ በክረምት መግቢያ ቢተክሉት ይጸድቃል፤ ቀይ አበባው በሚፈነዳበት ወራት ወለላ ቀሳሚ ወፎች ይጎበኙታል።

የአየሩንም ጠባይ ማገናዘብ ያስፈልጋል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት፤ ስለዚህ የደጋው ኮሶ፣ ምንም ያህል ቢወደድ፣ በዚህ ይሰቃያል እንጂ አይለመልምም። ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ብሳና፣ ግራር፣ ሾላና ዋርካ ግን በሚገባ ይበቅላሉ። ዋርካን በቤት አጠገብ መትከል ግን አይገባም፤ ሥሩ ግንብና የውኃ ቧንቧ ይሰነጥቃልና፣ ተገቢ ስፍራው የቤተ ክርስቲያን አጸድ፣ የትምህርት ቤት ሜዳና የሐይቁ ዳር ነው።

ሦስተኛ፤ ዘር መልቀምና ማፍላት

ዘር ከአንድ ዛፍ ብቻ አይልቀሙ። ከአንዲት እናት የተወለዱ ችግኞች ብቻቸውን አንድ ግቢ ቢሞሉ እርስ በርሳቸው ተዳቅለው የሚያፈሩት ዘር እየደከመ ይሄዳል፤ ስለዚህ እርስ በርሳቸው ራቅ ራቅ ካሉ፣ ግንዳቸው ቀጥ ካለና በሽታ ከሌለባቸው በርካታ ዛፎች ጥቂት ጥቂት ይውሰዱ፤ የቀረውንም ለአዕዋፍና ለምድሪቱ ይተዉ።

የዋንዛ ፍሬ በበጋው ወራት ቢጫ ሆኖ ሲለሰልስ ይለቀማል። ጣፋጩንና ሙጫማውን ሥጋ ልጆች ይብሉት፤ የተረፈውን ከአሸዋ ጋር አሽተው፣ በውኃ አጥበው፣ ፍሬውን በጥላ ያድርቁት። ከተዘራ በኋላ ለመብቀል ከወር በላይ ሊቆይ ስለሚችል ተስፋ ቆርጠው መደቡን አይገልብጡ። የብርብራ ዘር ጠጉራማ ልባሱ ቡናማ ሆኖ ገና ሳይፈነዳ ይያዛል፤ ምንም ሳይደረግለት ፈጥኖ ይበቅላል፣ ነገር ግን ቢከማች ነፍሱ ይወጣልና በለቀሙበት ሳምንት ይዝሩት። ብሳናም እንዲሁ ነው። የግራር ዘር በተቃራኒው ልባሱ ድንጋይ ስለ ሆነ ውኃ አፍልተው ከእሳት ካወረዱ በኋላ ዘሩን ጨምረው እዚያው እየቀዘቀዘ እንዲያድር ይተዉት፤ ያበጠው ይዘራል፣ ያላበጠው ደግሞ ይደገምለታል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ዝግባ ነው፤ ጽኑ ቅርፊቱን ውስጡ ሳይጎዳ በጥንቃቄ ሰንጠቅ ካላደረጉት ወራት ይፈጃል፤ ሕፃኑም ችግኝ ጥላ ይወዳል።

የችግኝ አፈር በብዙ ስፍራ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ ተደርጎ ይዘጋጃል። የሐዋሳ አፈር ግን በብዙ ሰፈር ራሱ አሸዋማና ከጥንት እሳተ ገሞራ የተረፈ በመሆኑ፣ አሸዋውን ትተው በምትኩ ብስባሹን ቢያበዙ ይሻላል። ችግኙ ሊተከል አንድ ወር ሲቀረው ውኃውንና ጥላውን ቀስ በቀስ ይቀንሱለት፤ በድሎት ያደገ ችግኝ ሜዳ ላይ ወጥቶ ይደነግጣልና። ግማሽ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ያለው ጉድጓድ ከዝናቡ በፊት ተቆፍሮ ይቆይ፤ ተከላው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ይፈጸም፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው የመጀመሪያው በጋ ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠልቆ የሚገባ ውኃ ይጠጣ። ብዙ የተከላ ዘመቻ የሚከሽፈው በዚህ በመጨረሻው ነገር ነው፤ በሐምሌ የተተከለውን በጥር የሚጎበኘው ሰው ጥቂት ነው።

አራተኛ፤ እንሰት

ከሁሉ አብልጬ የምመክረው፣ አምስት እርምጃ ያህል መሬት ያለው ሰው ሁሉ እንሰት እንዲተክል ነው። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእርሱ ይኖራል። ሲዳማ ተክሉን ወሴ፣ ከእርሱ የሚዘጋጀውን ቆጮ ዋሳ ብሎ ይጠራል፤ ቡላው ለገንፎና ለአራስ፣ አሚቾው ተቀቅሎ ለማዕድ፣ ቃጫው ለገመድ፣ ቅጠሉ ለዳቦ መጠቅለያና ለከብት መኖ ይውላል፤ ከብቱ ደግሞ ፍግ ሰጥቶ እንሰቱን መልሶ ይመግባል። በፊቼ ዋዜማ የሚበላው ቡርሳሜም በቅቤና በወተት የሚታሸው ይኸው የእንሰት ምግብ ነው።

እንሰት ከሌሎች አዝርዕት የሚለይበትን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በጓሮ ያለው እንሰት አበባ ሲያወጣ ወይም ከዚያ አስቀድሞ ይፋቃልና ዘሩን አይበትንም፤ የሚራባው ከግንዱ ሥር በሚወጡ ቡቃያዎች በሰው እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ጋንቲቾ፣ አዶ፣ አስታራ፣ ሚዳሾ እየተባሉ የሚጠሩት የሲዳማ ዐይነቶች እያንዳንዳቸው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ የመጡ ናቸው፤ አንድ ዐይነት የሚተክል ሰው ሲጠፋ ዐይነቱ በጫካ ተደብቆ አይተርፍም። በአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል ከየአገሩ የተሰበሰቡ ብዙ ዐይነቶች በማሳ ላይ ተተክለው ይጠበቃሉ፤ ሆኖም የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለአሚቾ፣ የትኛው ለቃጫ እንደሚሻል በአፋቸው የሚናገሩትና በእጃቸው የሚፈጽሙት እናቶች ናቸው። እንሰት መፋቅና ማብላላት የእነርሱ ሙያ ነውና፣ ዐይነት የሚመርጥ ወንድ ቢሆን እንኳ አስቀድሞ የእነርሱን ምክር ይቀበል።

አረባቡ እንዲህ ነው። ከሁለት እስከ አራት ዓመት የሆነውን፣ ጤናማውንና ዐይነቱ የታወቀውን እናት እንሰት በበጋው ወራት ይምረጡ። ግንዱን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ትተው ይቁረጡ፤ ከመሬት በታች ያለውን ወፍራም ክፍል፣ ማለት ኮረቱን፣ ከነሥሩ ቆፍረው ያውጡ፤ በመካከሉ ያለውን የዕድገት እምቡጥ በቢላዋ ጎድጉደው ያስወግዱ፤ ይህ ካልተወገደ አንዱ ግንድ ብቻውን ተመልሶ ያድጋል እንጂ ብዙ ቡቃያ አይወጣም። ቁስሉ እንዲደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ ካሳደሩት በኋላ በፍግና በአፈር ሞልተው፣ አንድ ስንዝር በሚሆን ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው በደረቅ ቅጠል ይሸፍኑት። ከወር እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ቡቃያ ይታያል፤ ከአንዱ ኮረት በርካታ አሥሮች፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጡ ይወጣሉ። ዓመት ሲሞላቸው ይነጠላሉ፤ ከዚያም በሲዳማ ልማድ ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ እየተዛወሩ፣ ርቀታቸው እየሰፋ፣ ለመፋቅ እስኪደርሱ አያሌ ዓመታት ይቆያሉ። በሐዋሳ ከደጋው ይልቅ ሙቀቱ ስለሚበረታ በበጋ ውኃና የቅጠል ጉዝጓዝ አይጉደልባቸው።

የእንሰት ታላቅ ጠላት አጠውልግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው፤ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1968 በጽሑፍ ያስታወቁት ይህ ደዌ፣ የመካከሉን ቅጠል አስቀድሞ ያጠወልጋል፣ ግንዱም ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል፤ መድኃኒትም እስካሁን የለውም። በሽታው የሚዛመተው ከሁሉ ይልቅ በቢላዋ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሄዱ ስለቱን በእሳት ነበልባል ያሳልፉ፤ ቢላዋ ለጎረቤት ሲያውሱም ሲቀበሉም ይህንኑ ያድርጉ። የታመመውን ሳይጎትቱ እዚያው ከነኮረቱ ነቅለው በጥልቅ ይቅበሩት፤ ቅጠሉን ለከብት አይስጡ፤ ፍልፈልንና ጃርትን ከማሳው ይከላከሉ፤ ችግኝም ከማያውቁት ገበያ አይግዙ። ከዚህ ሁሉ ጋር በአንድ ጓሮ ውስጥ ቢያንስ ሦስት አራት ዐይነት ያፈራርቁ፤ ደዌው ሁሉንም እኩል አይመታምና፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ቤቱን ይይዛል። ብዝኃ ሕይወት የሚባለው ታላቅ ነገር በአንድ ቤተሰብ ማዕድ ላይ ያለው ትርጉም ይህ ነው።

አምስተኛ፤ የመድኃኒት ዕፅዋት አወሳሰድ

ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ፣ ግራዋና ጠጅ ሣር በደጅ ወይም በሸክላ ውስጥ ይበቅላሉ፤ በሕንፃ ላይ የሚኖር ሰውም ሊያሳድጋቸው ይችላል። ዳማ ከሴ ምች ለመታው፣ ግራዋ ለጋንና ለእንስራ ማጠቢያ፣ ወይራ ለወተት ዕቃ ማጠኛ መሆናቸውን የማያውቅ የለም። አወሳሰዳቸው ግን እንደየክፍሉ ይለያያል። ቅጠል ሲፈልጉ ከአንድ ተክል ከሲሶው በላይ አይቅጠፉ። ልጥ ሲፈልጉ ግንዱን ዙሪያውን አይላጡ፤ በቅጠል የተዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በልጡ በኩል ነውና፣ ዙሪያው የተላጠ ዛፍ ቆሞ ይሞታል፤ ከአንድ ወገን ብቻ ከላይ ወደ ታች ጠባብ ሰንበር ወስደው ቁስሉ እስኪሽር ይተዉት። ሥር መውሰድ ግን ተክሉን መግደል ነው። ሥሩ ለጭስ ተብሎ በየገበያው የሚሸጠው ቀበርቾ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ተክል ሲሆን፣ በዚሁ ምክንያት ከዱር እየጠፋ ነው፤ ያለ ብርቱ ምክንያት አይግዙት፤ የሚገዙም ከሆነ በማሳ የለማውን ይጠይቁ።

ለሰውም ጥንቃቄ ያሻል። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር ሴት አይሰጥም፤ ጭማቂው የነካው ቆዳም ፀሐይ ሲያገኘው ይቆስላል። ኮሶ መጠኑ ካለፈ ለዐይን ብርሃንና ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። የተፈጥሮ የሆነ ሁሉ አይጎዳም የሚለው አስተሳሰብ ከአባቶቻችን የመጣ አይደለም፤ እነርሱ መርዝንም መድኃኒትንም ከአንድ ተክል የሚያውቁ ነበሩ። ለዚህ ምስክሩ ብርብራ ነው፤ ለቡና ጥላ፣ ለመሬቱ ልምላሜ የሚሰጠው ይህ ዛፍ ዘሩ ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲጣል ዓሣ ያሰክራል። ይህን ዘዴ በሐይቁም በገባሮቹም እንዳይሞክሩት አጥብቄ እለምናለሁ፤ ትልቁንም ጫጩቱንም በአንድነት ይፈጃልና።

ስድስተኛ፤ ሐይቁና ዓሣው

የሐዋሳ ሐይቅ ውኃ ገብቶበት እንጂ በግልጽ ወጥቶበት አይታይም፤ ከገባሮቹ ዋነኛው ጥቁር ውሃ ሲሆን፣ እርሱም ከጨለለቃ ረግረግ ይመጣል። ጨለለቃ ራሱ ቀድሞ ሐይቅ ነበር፤ ዙሪያው ሲታረስና ዛፉ ሲመነጠር በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆነ። መውጫ በሌለው ሐይቅ ውስጥ የተጣለ ሁሉ እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ ልብስና መኪና በዳርቻው አይጠቡ፤ የግቢዎንም ጎርፍ በሣር መስመር ወይም በጉድጓድ ያቁሙት።

ፊላውንና ደንገሉን ከማጨድ ይቆጠቡ። ቆሮሶ ጎጆውን የሚሠራው በዳርቻው ጥልቅ ባልሆነው ውኃ ነው፤ እናቲቱም ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ የዳርቻው ሣር ሲጠፋ መሸሸጊያዋ ይጠፋል። በአሞራ ገደል ወይም በሌላ ስፍራ ዓሣ ሲገዙ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ቆሮሶ አይቀበሉ፤ ጠባብ ዐይን ያለውን መረብ የሚያበረታታው የገዢው እጅ ነው። ቆሮሶን ብቻ ከመጠየቅ አምባዛና ቢልጫንም ይለማመዱ፤ አምባዛ ለሾርባ፣ ቢልጫ ለጥብስ ይሆናል፤ ጫናውም በአንድ ዝርያ ላይ አይበረታም። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ የአጥማጆች ማኅበራትም በዚሁ መሠረት ቢደገፉ ሐይቁ ይጠበቃል።

ሰባተኛ፤ አራዊትና አዕዋፍ

ስለ አራዊትና ስለ አዕዋፍ ጥቂት ቃል ይበቃል። በሐይቁ ዳር ለጦጣና ለጉሬዛ ዳቦ፣ ሙዝና ከረሜላ አይስጡ። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፤ ሆዱ እንደሚያመሰኳ እንስሳ ብዙ ክፍል ያለውና ቅጠልን የሚያብላላ ስለ ሆነ ዳቦ ያሳምመዋል፤ ጦጣም ከሰው እጅ መብላት ከለመደ ቀማኛ ይሆናል፣ ቀማኛ ሲሆንም በድንጋይ ይገደላል። አባ ኮዳ የዓሣውን ጥራጊ በማንሣቱ ባለውለታችን ነው፤ ከዓሣው አንጀት ጋር ፌስታል አብሮ እንዳይውጥ ግን ቆሻሻውን ለይተው ይጣሉ። ጉማሬ በሌሊት ለግጦሽ የሚወጣበትን መንገድ አይዝጉ፤ ማታ በዚያ አይሂዱ። ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ያለውን የሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ልጆችዎን ይዘው ይጎብኙ፤ ያ ቆርኬ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም።

ስምንተኛ፤ ዘርንና ዕውቀትን ማካፈል

ዘር ለብቻ ሲያዝ አደጋ ላይ ነው፤ ለሦስት ጎረቤት የተሰጠ ግን ከአንዱ ቢጠፋ ከሌላው ይመለሳል። ይህን በአገር ደረጃ ካስተማሩን ሰዎች አንዱ መላኩ ወረደ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመውንና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሆነውን የዘር ማዕከል ሲመሩ፣ የአገር ዘር በማቀዝቀዣ ከመጠበቁ በተጨማሪ በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ እንዲኖር ደከሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት በተቀበሉበት ዓመት አክሊሉ ለማም ስለ እንዶድ ሥራው ይህንኑ ሽልማት አግኝቷል።

ስለ ሕጉ ደግሞ ይህን ይወቁ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትንና የማኅበረሰብ መብቶችን ለመደንገግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998፣ የአገሬው ማኅበረሰብ በልማዱ የሚጠቀምበትንና እርስ በርሱ የሚለዋወጠውን ዘር አይከለክልም፤ እንግዲህ ለይርጋለም ዘመድዎ የእንሰት ቡቃያ፣ ለሻሸመኔ ወዳጅዎ የዋንዛ ዘር ቢሰጡ ነፃ ነዎት። የጄኔቲክ ሀብትን ከአገር ይዞ መውጣት ግን የኢንስቲትዩቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የማኅበረሰብን ዕውቀት ለምርምርና ለንግድ መውሰድም እንዲሁ፣ የማኅበረሰቡ ፈቃድና የጥቅም ድርሻ ሊቀድም ይገባል። የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት በኔዘርላንድስ በአንድ የውጭ ኩባንያ ስም በፓተንት ተይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ ቢስ እስኪባል ድረስ የቆየበትን ዘመን ያስታወሰ ሰው፣ ጥንቃቄው ከንቱ እንዳልሆነ ይረዳል። ስለዚህ በባሕር ማዶ ያለ ወንድም «የእናታችንን ጓሮ ዘር ላኩልኝ» ብሎ ሲጽፍ፣ በሻንጣ ከመደበቅ ኢንስቲትዩቱን ጠይቆ መላክ ይሻላል።

ለጎረቤት የሚሰጡትን ዘር ደግሞ በላስቲክ አያፍኑት፤ በደረቅ የወረቀት ከረጢት አድርገው፣ በላዩ ላይ የሲዳምኛና የአማርኛ ስሙን፣ የተለቀመበትን ቀበሌና ወር፣ ከምን ያህል ዛፍ እንደ ተለቀመ፣ እንዲሁም በደብተርዎ የመጨረሻ ዓምድ ላይ የጻፉትን ክልከላ ጽፈው ይስጡት።